ዘና እንድል የወጣልኝ ፕሮግራም

ነገሩ የተጠነሰሰው በቴሌግራም ነው። ትልቋ ልጄ ከቨርጂኒያ ሆና አንድ ግሩፕ ከፈተችና ስሙን «ዘና እንበል» አለችው። ቤተሰቡ አሥራ አንድ ነፍስ ነን፤ ከ73 ዓመቱ ከእኔ ጀምሮ እስከ አራት ዓመቷ የልጅ ልጄ ድረስ ሁላችንም ተጨመርን። ትንሿ ስልክ ስለሌላት በእናቷ ስልክ የድመት ሥዕል ትልካለች። ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው፣ ከተላከው ሁሉ ፍሬ ያለው የእርሷ ነበር። በሁለት ሳምንት ሰባት መቶ መልእክት ገባ። ሰባት መቶ! እኔ ባለቤቴን ለማግባት የጻፍኩት ደብዳቤ ሦስት ነው፤ ከሦስቱም አንዱ መንገድ ቀርቷል።

ሐሳቡ ይኸው ነው፦ ልጆች፣ የልጅ ልጆችና እኛ አሮጌዎቹ አንድ ላይ ሆነን አንድ ሳምንት «ትሮፒካል ደሴት» ላይ እናርፋለን። ሥጋ የለም፣ ጭንቀት የለም፣ ጥድፊያ የለም።

34 ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ እንዲህ ያለውን ዝም ብዬ አላልፍም። «ልጄ፣ ኢትዮጵያ ከ3 እስከ 15 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ላይ ናት። ሐሩር ክልል ማለት ይኸው ነው። አንቺም የተወለድሽው ትሮፒክ ውስጥ ነው» ብዬ ጻፍኩላት። የሚስቁ ቢጫ ፊቶች ተደረደሩልኝ። እርግጥ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስለተሰቀለች፣ በሐምሌ ትሮፒክነታችንን የምናምነው ጋቢ ደርበን ነው። እነርሱ የፈለጉት ግን ቆላውን ነው። ቆላ! አያቴ ቆላ የሚወርዱት እህል ሊያነሡ ወይም የጠፋ ከብት ሊፈልጉ ነበር፤ ያም ሆኖ ጀምበር ሳትጠልቅ ሽቅብ ይመለሳሉ፤ ያመሸ ሰው ንዳድ ይዞ ነው የሚገባው። እርሳቸው ዕድሜ ልካቸውን ከቆላ ሲሸሹ ኖረው፣ የልጅ ልጃቸው በዶላር ከፍሎ ቁልቁል ሊወርድ!

«ደሴት ካማራችሁ ጣና አለላችሁ» አልኩ። ሠላሳ ሰባት ደሴት አለው የሚባል ሐይቅ ነው። መነኮሳቱ ዛሬ እናንተ የምትለፉበትን ነገር ስንት መቶ ዓመት ኖረውበታል፦ ሥጋ የለ፣ ጫጫታ የለ፣ ዋይፋይ የለ። ናርጋ ሥላሴ ብንሄድ የእቴጌ ምንትዋብን ሥራ እናያለን፤ ዳጋ እስጢፋኖስ ብንሄድ የነገሥታቱ ዐፅም አለ። ይህን ስናገር ባለቤቴ ሽንኩርት እየላጠች ነበር። ቢላዋዋን አስቀመጠችና፣ «ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባም። እኔና ልጆችህ ጀልባ ላይ ቁጭ ብለን እናውለብልብልህ?» አለችኝ። እነርሱ ባሰቧት ዛንዚባርና በእኔ ጣና መካከል ግሩፑ ላይ ድምፅ ተሰጠ፤ ዛንዚባር አሥር፣ ጣና አንድ። አራት ዓመቷ ሳትቀር መርጣለች።

ከዚያ ቀኑ መጣ። ልጆቹ ትምህርት የሚዘጉት በዚያ ወራት ስለሆነ ጉዞው ከነሐሴ 4 እስከ 11 ተባለ። በፍልሰታ! ሕፃን ሳይቀር በሚጾመው፣ ሰው ሥራውን ትቶ ሱባኤ በሚገባበት ጾም። እኔ በእነዚያ ቀናት ከቅዳሴ ቀርቼ አላውቅም። «አባዬ፣ ታዲያ ምን ችግር አለው? ሁላችንም እኮ ቬጀቴሪያን ነን!» አለችኝ ልጄ፣ ጾምንና ጎመንን አንድ አድርጋ።

«ሁላችንም» በምትለው ቃል ውስጥ ስንት ሃይማኖት እንደተደበቀ የገባኝ ኤክሴሉ ሲመጣ ነው። ባለ ቀለም ሠንጠረዥ ነው፤ በአንድ በኩል የሰዉ ስም፣ በሌላው የማይበላው ነገር። እኔና ባለቤቴ አረንጓዴ ነን፦ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል የለም፤ እስከ 9 ሰዓት ውኃም የለም። የ19 ዓመቱ የልጅ ልጄ ቪጋን ነው፤ እርሱም አረንጓዴ ተቀብቷል። እኛ የምንጾመውን ይጾማል፣ ግን ዓመቱን ሙሉ፤ ሲነጋ ይበላል፣ እኩለ ሌሊት ይበላል፣ ፋሲካ የለው፣ መፈሰኪያ የለው። እኔ እንኳ ከ180 ቀን በላይ ብጾም መጨረሻ ላይ ዶሮ ወጥ አለልኝ፤ የዚህ ልጅ ጾም ግን መቼ እንደሚፈታ የሚያውቅ የለም። አማቼ፣ የትልቋ ልጄ ባል፣ ቬጀቴሪያን ነኝ ይላል፤ እንቁላል ይበላል፣ አይብ ይበላል፣ ዶሮንም «አልፎ አልፎ» ይላታል። ሁለተኛዋ ልጄ ስንዴ አይስማማትም። ይህን ያወቀችው ከአገር ከወጣች በኋላ ነው፤ እዚህ እያለች የድፎ ዳቦው ጠርዝ የሚቀመጠው ለእርሷ ነበር። አራት ዓመቷ ነጭ ማካሮኒ ብቻ ትበላለች። እርሷ ቀይ ተቀብታለች።

ክርክሩ የፈነዳው በማር ነው። የጎጃም ልጅ ነኝ፤ አባቴ ቀፎ ሰቅለው ነው ያሳደጉኝ። ማር በጾም ይበላል፤ ቪጋኑ ግን አይበላም። ለምን ብዬ በቪዲዮ ብጠይቀው ዓይኑን ዓይኔ ላይ ተክሎ፣ «አባባ፣ አንቺ የንቦች ምግብ ትሰርቂያለሽ» አለኝ። ልጁ እዚያው ተወልዶ ስላደገ አንተና አንቺ ይምታቱበታል፤ ለምጄዋለሁ። ሌባ መባሉንም ለብቻው ቢመጣ እችለው ነበር። ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡብኝ ስልኩን ለባለቤቴ አቀብዬ በረንዳ ወጣሁ።

ዓሣ ደግሞ አለ፤ ደሴት ነዋ። አማቼ ሰው አክባሪ ነው፤ ጎንበስ ብሎ፣ «አባባ፣ ዓሣ እኮ ጾም ነው ይላሉ፤ እርስዎም ቢሞክሩት» አለኝ። «እነማን ናቸው የሚሉት?» አልኩት። ትንሽ አሰበና፣ «ዓሣ የሚወዱት» አለ። ለዚህች መልሱ ስል ዶሮዋን ይቅር ብዬዋለሁ።

ወረቀቱን አላስረዝመውም። የቢጫ ወባ ካርድ ፍለጋ ሣጥን ተገለበጠ። ዛንዚባር የሚገባ የውጭ እንግዳ ከ2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ 44 ዶላር የኢንሹራንስ ይከፍላል ተባለ፤ ተከፈለ። ዘና ስል አደጋ ቢደርስብኝ ማለት ነው።

ዋናው ሥራ የባለቤቴ ነበር። ሽሮ፣ በርበሬ፣ በሶ፣ ሱፍ፣ ደርቆሽ፣ ቆሎ፤ ሁሉም በየፌስታሉ ታስሮ ሻንጣው 23 ኪሎ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ በዋዜማው ከማታው 4 ሰዓት ላይ፣ ከአሜሪካ መጥታ እኛው ቤት ያረፈችው ልጄ ከወዲያኛው ክፍል ጮኸች፤ ታንዛኒያ ፌስታል ክልክል ነው፣ ኤርፖርት ላይ ይወስዱታል። እውነቷን ነው፣ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተከለከለ ነው፤ ዛንዚባርማ ከዚያም ቀድማለች። ባለቤቴ ምንም አልተናገረችም። አቡጀዲ አወጣች፣ መነጽሯን አደረገች፣ ክሩን በመርፌው ቀዳዳ ለማስገባት ሦስት ጊዜ ሞከረች፣ በአራተኛው ገባላት። እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ስምንት ከረጢት ሰፋች፤ እኔ በእስክሪብቶ «ሽሮ»፣ «በሶ»፣ «በርበሬ፣ ተጠንቀቅ» እያልኩ ጻፍኩባቸው። ዘና ልንል ስንነሣ ሁለታችንም ወገባችንን ይዘን ነበር።

አዲስ አበባና ዛንዚባር በአንድ ኬንትሮስ ግድም ናቸው፤ 39 ዲግሪ ምሥራቅ። አውሮፕላኑ አፍንጫውን ወደ ደቡብ አድርጎ ሦስት ሰዓት ያህል መብረር ነው፤ እኛ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ወደ ሰሜን፣ እነርሱ 6 ዲግሪ ወደ ደቡብ። ይህን ለአጠገቤ ሰው ሳስረዳ ተኝቶ ነበር። ስንቱን ተማሪ «ዛንዚባር፦ ቅርንፉድ» እያልኩ አጽፌያለሁ! ከአውሮፕላኑ ስወርድ አፍንጫዬ ቅርንፉድ ፈለገ። ያገኘው ሰንስክሪን ነው።

ያረፍነው ጃምቢያኒ፣ በደሴቲቱ ምሥራቅ ዳርቻ። በማግሥቱ ጠዋት ልጄ «አባዬ፣ ና ባሕሩን እይ» ብላ እጄን ይዛ ወሰደችኝ። ባሕሩ የለም። አሸዋ አለ፣ ከአሸዋው ቀጥሎ ጭቃማ ሜዳ አለ፣ ጀልባዎቹ ጎናቸው ላይ ተኝተዋል፤ ባሕሩ ግን ወጥቶ ሄዷል። ያን ሁሉ ዶላር የተከፈለበት ባሕር! በቀን ሁለት ጊዜ እንደሚሞላና እንደሚጎድል፣ ጨረቃና ፀሐይ እንደሚስቡት ስንት ዓመት አስተምሬያለሁ፤ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ግን እንዲህ ርቆ አይሄድም ነበር። ሜዳው ላይ ሴቶች ጎንበስ ብለው በገመድ ላይ የባሕር አረም ያስራሉ። ያ አረም ደርቆ ወደ ውጭ ይሸጥና ከጥርስ ሳሙና እስከ አይስክሬም የሚያወፍር ነገር ይወጣዋል። በዚያ ሁሉ ዳርቻ ላይ ሥራ ላይ የነበሩት እነርሱና ኤክሴሉን የምታስተካክለው ልጄ ብቻ ናቸው።

ኤክሴሉ አሁን የምግብ አልነበረም፤ ፕሮግራም ሆኗል። እንዲህ ይላል፦ «6:30 ዮጋ፣ ሁሉም። 7:30 ቁርስ። 9:00 ዋና። 11:00 የቤተሰብ ጨዋታ። 2:00 ነፃ ጊዜ፣ በጋራ።» ነፃ ጊዜ በጋራ! የመንግሥት ሥራ ላይ ሳለሁ እንኳ እንዲህ ዓይነት ሰርኩላር አልወጣብኝም። ሰዓቱ ደግሞ በፈረንጅ ነው የተጻፈው።

ቁርስ ከአልጋው ዋጋ ጋር ነው። ፓፓያው፣ አናናሱ፣ ሙዙ፣ ማንዳዚ የሚሉት ትኩስ ቦምቦሊኖ በረድፍ ተደርድሮ እኔ እስከ 9 ሰዓት አልቀምስም። 9 ሰዓት ሲሞላ ወጥ ቤቱ ዝግ ነው። ሆቴሉ ጥፋት የለበትም፤ ቁርስን ከሰዓት በኋላ የሚበላ እንግዳ አያውቁም። ባለቤቴ በሁለተኛው ቀን ብልሃት አገኘች፤ አራት ሙዝ በነጠላዋ ጠቅልላ፣ እንደ ሕፃን አቅፋ፣ በአስተናጋጆቹ ፊት በዝግታ አለፈች። አንዱ በአክብሮት በሩን ከፈተላት።

ራት ላይ ሌላ ጣጣ መጣ። አስተርጓሚዬ ቪጋኑ ነው። «ሩዙ በምን ተሠራ?» ብዬ አስጠየቅሁት። «ወተት» አለኝ። ሳህኑን ገፋሁ። ቦሎቄውስ? «ወተት።» ጎመኑስ? «እሱም ወተት፣ አባባ።» ሁለት ቀን በሶ በጠበጥኩ፤ አገሩ ሁሉ በቅባት የሚጾም መሰለኝ። በሦስተኛው ቀን ይኸው ልጅ ያንኑ ሩዝ ሲያጋብስ አየሁትና፣ «አንተ ልጅ፣ ወተት ጀመርክ እንዴ?» ስለው፣ «አይ፣ ይሄ ከዛፍ ነው የምታልቢው» አለኝ። የኮኮናት ወተት! ባለቤቴ ወጥ ቤት ገብታ አሠራሩን አይታ መጣች፤ ኮኮናቱን ይፍቁታል፣ በውኃ ያሹታል፣ ይጨምቁታል። «የኛው ሱፍ ነው» አለች። ዋሊ ዋ ናዚ ይሉታል። ሁለት ቀን ሙሉ ያሳለፍኩትን እያሰብኩ ሦስት ሳህን በላሁ፤ እንዲያ ያለ የጾም ምግብ ለተራበ ሰው ደብቆ ማቆየት ኃጢአት ነው።

ያን ማታ ነው ሌላውም የተገለጠልኝ። አስተናጋጁ የነገውን ራት ሲነግረን «ሳ ሞጃ» አለና አንድ ጣቱን አወጣ። ልጆቹ ተያዩ፤ «በሌሊት 1 ሰዓት ነው?» ብለው ስልካቸውን መነካካት ጀመሩ። እኔ ግን ከወንበሬ ተነሣሁ። 1 ሰዓት! ጀምበር ከጠለቀች በኋላ አንድ ሰዓት! እነዚህ ሰዎች እንደኛው ናቸው የሚቆጥሩት፤ ጎሕ ሲቀድ ይጀምራሉ፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ስድስት ይላሉ። ሰዓትን «ሳ» ነው የሚሉት። ሃያ ዓመት ሙሉ ልጆቼ ከአሜሪካ ሲደውሉ «በኛ ነው በናንተ?» ስባባል ኖሬ፣ በሦስት ሰዓት በረራ ቀኑን እንደ እኔ የሚቆጥር ሰው አገኘሁ። አስተናጋጁን ጨበጥኩት። ምን እንዳስደሰተኝ አልገባውም።

ከዚያ በኋላ ጉራዬን አልቻሉትም፤ ልጄም ለማብረድ ይመስለኛል ወደ ቻንጉ ወሰደችን። ከአሮጌዋ ከተማ ከስቶን ታውን በጀልባ የምትደረስ ትንሽ ደሴት ናት። የእስር ቤት ደሴት ይሏታል፤ እስር ቤቱ በ1890ዎቹ እ.ኤ.አ. ተሠራ፣ እስረኛ ግን አልገባበትም፤ በኋላ የቢጫ ወባ ማቆያ ሆነ። ሣጥን ያስገለበጠኝን ካርድ ከኪሴ አውጥቼ ለልጆቹ ማብራሪያ ጀመርኩ፤ የሰማኝ የለም፤ ሁሉም ወደ ዔሊዎቹ ሮጧል። በ1919 እ.ኤ.አ. ከሲሸልስ በስጦታ የመጡ ግዙፍ ዔሊዎች ዘሮች ናቸው፤ ከመቶ ዓመት በላይ የሆናቸውም አሉ። ዕድሜያቸው በየጀርባቸው በቀለም ተጽፏል። ቱሪስቱ ጎመን ይዞ ይጎነበስና አንገታቸውን እስኪያወጡ ይጠብቃል፣ ሲያወጡ ፎቶ ያነሣል።

አንዱ አጠገብ ቁጭ አልኩ። ዓይኑን በግማሽ ገልጦ አየኝ። ጎመን ይበላል፣ አይቸኩልም፣ አራት ትውልድ ዙሪያውን ከቦታል፣ ዮጋ ና አይሉትም። ልጄ «አባዬ፣ ጠጋ በልና ላንሣህ» አለች። ፎቶው ግሩፑ ላይ ሲወጣ ቪጋኑ ከሥሩ «የትኛው ነው አባባ?» ብሎ ጻፈ። ሰዋስዉ ያንን ቀን ብቻ ትክክል ነበር።

የመጨረሻዎቹን ሁለት ሌሊቶች ስቶን ታውን አደርን። አስጎብኚው በአንድ አደባባይ አቁሞን በዓለም አጭሩ ጦርነት እዚህ ነበር አለ፤ በነሐሴ 1896 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ መርከቦች የሱልጣኑን ቤተ መንግሥት ደበደቡ፣ 40 ደቂቃ ግድም ፈጀ፣ አለቀ። ይህን ሰምቶ ዝም የሚል የታሪክ ሰው የለም። «በኛ 1888 ነው፤ በዚያው ዓመት የካቲት 23 ደግሞ ዓድዋ ላይ...» ብዬ ስጀምር ልጄ ሰዓቷን አየች። «አባዬ፣ 12 ደቂቃ አልፈናል።» ዓድዋን ያለ 12 ደቂቃ ማን ያስረዳል?

ተናድጄ ወደ ኋላ ቀረሁ። ጠባብ መንገድ ነው፤ ግድግዳውን ተከትሎ የድንጋይ መቀመጫ ተሠርቷል፣ ባራዛ ይሉታል። ዞር ስል ጃውስ ኮርነር የሚባለው መገናኛ ላይ ወጣሁ። ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። ከሰል ላይ የተጣደ የነሐስ ጀበና፣ እጀታ የሌላት ሲኒ፣ ያለ ወተት ያለ ስኳር የጠቆረ ቡና፤ አጠገቡ ከለውዝና ከስኳር የተሠራ ካሻታ። ሁሉም የጾም! ሁለቱ ባኦ ይጫወታሉ። ባኦ ገበጣ ነው። የኛ ሁለት ወይም ሦስት ረድፍ ነው፤ የእነርሱ አራት ረድፍ፣ 32 ጉድጓድ፣ 64 ፍሬ። ቋንቋ አላስፈለገንም። ወደ ፀሐይ አየሁ፣ 9 ሰዓት አልፏል፣ ሲኒ ተቀበልኩ። አንዱ ሽማግሌ በስልኩ ልጁን ይሆን የልጅ ልጁን ይቆጣ ነበር፤ ቃሉ አልገባኝም፣ ዜማው ግን ቤቴ ያለ ያህል ነበር። በባኦው ሁለት ጊዜ ተሸነፍኩ። ማንም «ዘና በል» አላለኝም።

ስህተቴ ማታ ማውራቴ ነው። በነጋታው ማለዳ ኤክሴሉ ላይ አዲስ መስመር ገብቶ አገኘሁ፤ «9:00 አባዬ ቡና ከሽማግሌዎቹ ጋር። ሁሉም ይገኝ። የቡድን ፎቶ። 20 ደቂቃ።» ቢጫ ተቀብቷል።

ስልኬን ትራስ ሥር አድርጌ ተኛሁ። ሠንጠረዡ 9 ይላል፤ እኔም በ9 ሰዓት ደረስኩ። ሰዎቼ ጠዋት መጥተው፣ አንድ ሰዓት ጠብቀው፣ ባዶውን መቀመጫ ፎቶ አንሥተው ሄደዋል፤ አሁን ሁለተኛ ጊዜ ፍለጋ ወጥተው ነው ያገኙኝ። ልጄ ላብ በላብ ሆና፣ «አባዬ! የት ነበርክ? 9 ሰዓት ተባብለን!» አለችኝ።

«9 ሰዓት ነው ያልሽው» አልኳት።

ፍሬውን ወደ ጉድጓዶቹ የሚያድለው ሽማግሌ ቀና አላለም፤ በአውራ ጣቱ ወደ ፀሐይዋ አመለከተና «ሳ ቲሳ» አለ። ባለ ጀበናው ሲኒዬን ሞላልኝ።